ሁሉን ወደሚያምር ዕቃ መገልበጥ ቤትን ያሳርፋል? ጥያቄዬና የመጡልኝ 19 ምላሾች

የመክፈቻ ጽሑፍ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ወጥ ቤቴ ጠባብ ከመሆኑም በላይ መደርደሪያው በር የለውም፤ ስለዚህ ከሥራ ደክሜ ስገባ መጀመሪያ የሚቀበለኝ የማሸጊያዎቹ ዝብርቅርቅ ቀለም ነው። የፓስታው ቢጫ፣ የሳልሳው ቀይ ቆርቆሮ፣ የዱቄት ሳሙናው ሰማያዊ፣ ከዚያም አፋቸው የተቋጠረ አምስት ስድስት ፌስታሎች፤ ምስሩን ከክኩ የምለየው ዳብሼ ነው። በቅርቡ አንዲት ዘመዴ ቤት ገብቼ መደርደሪያዋን ሳይ ግን ዓይኔ አረፈ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ስኳሩ፣ ሩዙ ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት የብርጭቆ ዕቃ ተገልብጦ፣ በቀርከሃ ክዳን ተከድኖ ተደርድሯል። መታጠቢያ ቤቷም እንዲሁ ነው፤ ፈሳሽ ሳሙናውም በረኪናውም ያማረ ጠርሙስ ውስጥ ገብተዋል።

እኔም ከታይዋን ገበያ 24 ተመሳሳይ ዕቃ ልገዛ አስቤአለሁ። ከመግዛቴ በፊት ግን ልጠይቅ። ይህን ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ቤታችሁ ውሎ አድሮም ዓይን የሚያሳርፍ ሆኖ ቆየላችሁ ወይስ የአንድ ሰሞን ነገር ነበር? በድሬ ሙቀት ብርጭቆ ከፕላስቲክ ይሻላል? ደግሞስ ጨርሶ መገልበጥ የሌለበት ነገር አለ?

ምላሾቹ

ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ ከጠበቅሁት በላይ ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገባ አንባቢ እንዲያመች የመጣውን ሁሉ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም አልደበቅሁም።

1ኛው ምላሽ የመጣው ከዚራ ሰፈር ከሚኖሩ አንዲት እናት ሲሆን እጅግ በትሕትና የተጻፈ ነው። መገልበጥ ከጀመሩ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው፣ ቤታቸውም በእርግጥ እንደተረጋጋ ገልጸው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በዕቃው መጠን ላይ እንደሆነ አስረድተዋል። አንድ ኪሎ ስኳር 1 ሊትር ተኩል በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ተርፎት ሲገባ፣ አንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ግን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። ባለ 1 ሊትር ዕቃ ብቻ 24 የገዛ ሰው ከየከረጢቱ የቻለውን ያህል ይገለብጥና የተረፈውን መልሶ ይቋጥረዋል፤ ከፊት ያማረ መደርደሪያ፣ ከኋላው ደግሞ የቀድሞው ፌስታል ይኖረዋል ማለት ነው። ይህን ሳነብ የዘመዴ ቁምሳጥን ትዝ አለኝ። በሩ ሲከፈት ባላይም ውስጡ ምን እንዳለ አሁን እገምታለሁ።

2ኛው ምላሽ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጸሐፊው ነገሩ ሁሉ ዕቃ ሻጮች የፈጠሩት አምሮት እንደሆነ ተናግሮ ሄደ። እኔም ዝም አልኩት።

3ኛው ምላሽ የክሩን አቅጣጫ የለወጠው ነው። የጻፉት ሐረር፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ ጁገል ውስጥ ተወልደው ያደጉ አንድ አባት ናቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ጁገል በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የሐደሬን ቤት ለማየት የሚመጣው እንግዳ በነደባው፣ ማለትም ቤቱ ውስጥ ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ፣ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ፣ የተሰቀለውን ሰፌድና ሳህን፣ በግድግዳው ውስጥ የተሠሩትን 11 መደርደሪያ ጉድጓዶች ጌጥ ብቻ አድርጎ እንደሚያያቸው፣ ነገር ግን እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የዕቃ ማኖሪያ እንደነበሩ ጽፈዋል። በአያታቸው ቤት ቡናው፣ ቅቤው፣ ቅመሙ እያንዳንዱ የራሱ ዕቃ ነበረው፤ የአንዱ አፍ ጠባብ፣ የሌላው ሰፊ፣ የአንዱ ሸክላ፣ የሌላው እንጨት። አያታቸው በስተርጅና ዓይናቸው ደክሞ እንኳ የፈለጉትን በእጃቸው ዳብሰው ያወጡ ነበር። ታዲያ 24 አንድ ዓይነት ዕቃ መደርደር ለዓይን ዕረፍት ቢሰጥም ለእጅ ግራ መጋባት ነው ሲሉ አጠቃለዋል። በጽሑፋቸው መካከል አፍላላ ስለሚባሉት ረጃጅም ጥቋቁር የሸክላ ዕቃዎች አንስተው፣ ቡናና ቅመም ይቀመጥባቸው እንደነበር ጠቅሰዋል።

4ኛው ምላሽ በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ እርማት ይዞ መጣ። የሐረር ልጅ የሆነች አንዲት ሴት፣ አባትየውን በአክብሮት ይቅርታ ጠይቃ፣ አፍላላ የወጥ ቤት ዕቃ እንዳልሆነ፣ በስፌት ክዳን ተከድኖ ጌጣጌጥና የከበረ ነገር የሚጠበቅበት እንደሆነ አስረዳች። 5ኛው ምላሽ የአባትየው ነው። እርማቱን ተቀብለው አመሰገኑ፤ ልጅ ሆነው በቅርብ እንዳያዩት የተከለከሉት ለምን እንደነበር ገና አሁን እንደገባቸውም ጨመሩ። ክርክር በዚህ ዓይነት ቢያልቅ ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን እንዲህ አልነበረም።

6ኛው ምላሽ የአንዲት ነርስ ነው፤ አክብሮቱ ባይጓደልም ቁጣው ይታያል። የጽሑፌን መጨረሻ ያነበበችው በድንጋጤ እንደሆነ ገልጻ፣ ሽሮና ሩዝ የትም ቢገለበጥ ግድ እንደሌላት፣ በረኪና ግን ከመጣበት ዕቃ መውጣት እንደሌለበት አጥብቃ ጻፈች። ምክንያቷን በዝርዝር አስቀምጣለች። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሞቃት ድሬዳዋ፣ መስኮት ሥር በጠራ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና ከጥቂት ወራት በኋላ ነጭ ልብስ ለማንጣትም አይረባም። ካልታጠበ የሽንት ቤት ማጽጃ ጠርሙስ ውስጥ፣ ወይም አቼቶ በነበረበት ዕቃ ከተገለበጠ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ያ ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። ከሁሉም የከፋው ግን ጠርሙሱ ማማሩ ነው። ሕፃን ልጅ ያማረ ጠርሙስ ሲያይ የሚጠጣ ነገር ይመስለዋልና። አንድ ልጅ በረኪና ወይም ላምባ ጠጥቶ ቢገኝ እንዳያስመልሱት፣ አፉን በውሃ አጉመጥምጠው የጠጣበትን ዕቃ ይዘው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም እንዲሮጡ አሳስባለች። የሚያቃጥለው ነገር በማስመለስ ሲመለስ ጉሮሮን ሁለተኛ ያቃጥላል፤ ላምባ ደግሞ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። ክኒንም ከመጣበት ማሸጊያ ወጥቶ ወደ ብልቃጥ እንዳይገባ አደራ ብላለች፤ ስሙም የሚያበቃበት ቀንም እዚያው ማሸጊያው ላይ ቀርተው ይጣላሉና።

7ኛው ምላሽ ክሩን ያጋጋለው ነው። ጸሐፊው ነርሷ ታጋንናለች ባይ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ በረኪና በውሃ ፕላስቲክ፣ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው፣ ተሞልቶ ሲሸጥ አድገናል፤ ሁላችንም አለን፤ እናቶቻችን ምንም ሳይማሩ ያሳደጉንን ቤት ዛሬ የተማረ ሁሉ እየመጣ ያስፈራራናል ሲል አላገጠ።

8ኛው ምላሽ ከገንደ ቆሬ የምትጽፍ የአንዲት እናት ነው። የቀደሙት ሁሉ በእርስዎ ሲጻጻፉ እርሷ ግን ሰውየውን በአንተ ጀመረችው። ሁላችንም አለን ያለው እርሱ የሚያውቃቸውን ብቻ ቆጥሮ እንደሆነ ነገረችው። የእህቷ ልጅ ሦስት ዓመቱ ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በር ሥር የቆመ የውሃ ፕላስቲክ አንሥቶ ጎነጨ፤ ውስጡ ለምድጃ የተገዛ ላምባ ነበር። ልጁ ሳል ጀመረው እንጂ አላለቀሰም፤ ስለዚህ ወላጆቹ ወተት አጠጥተውት ቤት ዋሉ። ማታ ትንፋሹ ሲፈጥንና ጎኑ ገባ ወጣ ሲል ነው ሆስፒታል የወሰዱት። ልጁ ተርፏል፤ ብዙ ቀን ኦክስጅን ላይ ከቆየ በኋላ። እናቱ ግን እስከ ዛሬ ውሃ በፕላስቲክ ቤቷ አይገባም። ይህን ሁሉ የጻፈችው ያለ አንድ የቃለ አጋኖ ምልክት ነው፤ ደጋግሜ ያነበብኩትም ስለዚህ ይመስለኛል።

9ኛው ምላሽ የዚያው ሰውዬ ነው። ለልጁ አዝኗል፤ በአነጋገሩም ይቅርታ ጠይቋል፤ ነገር ግን አንድ ነጥብ አልለቀቀም። በረኪና በጉልት የምትሸጠው ሴት ሌላ ዕቃ መግዣ እንደሌላት፣ ገዢውም ባለ ምልክቱን ለመግዛት አቅም እንደሚያንሰው፣ ጥፋቱን የፕላስቲኩ ብቻ ማድረግ ለባለ ገንዘብ ቀላል እንደሆነ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ግማሽ በግማሽ ተስማምቼበታለሁ። ቤቱ ከገባ በኋላ ግን ፕላስቲኩ ላይ ደማቅ ምልክት አድርጎ ከፍ ካለ ቦታ ላይ መቆለፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

10ኛው ምላሽ ወደ ሽሮው መለሰን፤ ደግነቱ። ባልትና የሚሸጡ አንዲት ሴት፣ ብርጭቆ ነቀዝ ከውጭ እንዳይገባ ቢከለክልም ከእህሉ ጋር አብሮ የገባውን እንቁላል ግን አብሮ እንደሚዘጋበት አስረድተዋል። ምክራቸው ይህ ነው። ዕቃው ታጥቦ በፀሐይ ጠብታው እስኪያቆም ብቻ ሳይሆን ፍጹም እስኪደርቅ ይቆይ፤ በክዳኑ ጎማ ሥር የቀረች አንዲት ጠብታ ሽሮውን ታሻግተዋለች። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ በላዩ አይገልበጥ፤ የታችኛው ሁልጊዜ ታች ይቀራልና። ዲፕ ፍሪዘር ያለው ሰው አዲሱን ዱቄት ከነማሸጊያው ለአራት ቀን በረዶ ቤት ቢያቆየው ነቀዙም እንቁላሉም ይሞታል፤ ሲወጣ ግን ሙቀቱ ከቤቱ ጋር እስኪስተካከል ሳይከፈት መቆየት አለበት፤ አለዚያ ላብ ይዞት ይጠጥራል። በርበሬን ደግሞ በጠራ ብርጭቆ አድርጎ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ቅላቱን ለፀሐይ መስጠት እንደሆነ፣ ኮረሪማም ከነቅርፊቱ ተቀምጦ ሲፈለግ ብቻ ቢፈለፈል ሽታው እንደሚቆይ ጨምረዋል። በሐረር ለዓመት የሚፈጨው በድሬ ለሦስት ወር ብቻ ቢፈጭ ይሻላል የሚለውንም ከእርሳቸው ነው የተማርኩት።

11ኛው ምላሽ አጭር ቢሆንም ጠቅሞኛል። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ በካልሲየም የከበደ ስለሆነ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በታጠበው ብርጭቆ ላይም ነጠብጣብ እንደሚተው፣ ያ ሁሉ የታሰበለት ውበት በሁለት እጥበት እንደሚደበዝዝ አንድ ጎረምሳ አስጠነቀቀ። መፍትሔው ታጥቦ ሳይደርቅ ወዲያው በጨርቅ መወልወል፣ ከጋገረም አቼቶ ባረጠበ ጨርቅ ማሸት ነው።

ከ12ኛው እስከ 14ኛው ያሉት ምላሾች ከጉዳዩ ወጥተው ወደ ቡና ሄዱ። ጥሬው ቡና በምን ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ከዚያ የሐረር ቡና ከየትኛው ይበልጣል ወደሚለው ተሸጋግሮ፣ በመጨረሻም ቁቲ ማለትም የቡና ቅጠሉ ሲፈላ ወተትና ጨው ይግባበት አይግባበት በሚለው ላይ ሁለት የሐረርጌ ሰዎች ተካረሩ። አንዱ ያለ ጨው የሚጠጣው እንግዳ ብቻ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ይህን እዚህ የማነሣው የራሴን ስሕተት እንድናገር ስላስገደደኝ ነው።

15ኛው ምላሽ የእኔው ነው። 24 ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ለሙከራ ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ገዝቼ ስኳርና ጨው ገልብጬባቸው ነበር። ስም አልጻፍኩም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁና። አንድ ቅዳሜ የባለቤቴ አጎት ከአዲስ አበባ መጡ። ሻይ ያፈላችው ቤት ውስጥ የምታግዘኝ ልጅ ናት። ጋሼ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀስ ብለው፣ በመሐል እየቆሙ ጨረሱ፤ ሁለተኛው ሲቀዳላቸው እጃቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ አድርገው በቃኝ አሉ። እኔ የራሴን ቀምሼ ስደነግጥ ነው፣ በዚህ አገር በጨው እንደሚጠጣ ሰምተው ስለነበር ባህላችንን ላለመናቅ ብለው እንደጠጡት የነገሩን። ልጅቷ አለቀሰች። ጥፋቱ ግን የእርሷ አልነበረም፤ ሁለቱን ነጭ ነገር በሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

16ኛው ምላሽ ከጋሼ ሻይ ተነሥቶ ስለ ጨው አንድ ቁም ነገር አነሣ። የጻፉት መምህር፣ በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ መደንገጉን አስታውሰው፣ ያ አዮዲን ግን በብርሃን፣ በእርጥበትና በሙቀት እንደሚባክን አስረዱ። ስለዚህ ጨው ክፍት በሆነ ያማረ ሳህን ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ዓይንን ቢያስደስትም ጨዉን ጨው ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል። ብርሃን በማያሳልፍና በሚገጠም ክዳን ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻው ይጨመር። ዘይትም እንዲሁ ብርሃን ስለማይወድ በጠራ ጠርሙስ ምድጃ አጠገብ ከሚቆም ጥቁር ጠርሙስ ወይም የመጣበት ጄሪካን እንደሚሻለው ጠቁመዋል።

17ኛው ምላሽ ሹል ነበር፤ የተወረወረውም ወደ እኔ ነው። ከሐረር የምትጽፍ ሴት፣ እርስዎ ብላ ጀምራ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ወደ አንቺ ወረደች። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓድ ሽቅብ እየተሳበ በሚመጣበት ዘመን፣ ሰው ጄሪካኑን ደርድሮ ተራ በሚጠብቅበት ከተማ፣ አንዲት ሴት 24 ብርጭቆ በየጊዜው አጥባ ለማድረቅ ማሰቧ ቅንጦት እንደሆነ ጻፈች። ቅር አለኝ፤ ክፉኛም ልመልስላት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ግን በጣቴ ቆጠርኩ። አንዱን ዕቃ በደንብ አጥቦ ለማለቅለቅ ሁለት ሊትር ውሃ ቢያስፈልግ፣ 24ቱ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ጨርሰው ከሦስተኛው ይነካሉ። የጀመርኩትን አጠፋሁና ቁጥሩ ልክ እንደሆነ ብቻ ጻፍኩላት። እርሷም መልሳ፣ የማርና የማርማላታ ባዶ ብርጭቆ ቤቷ ውስጥ እንደምታስቀምጥ፣ የምትቃወመው ዕቃውን ሳይሆን መግዛቱን እንደሆነ አስረዳች። እዚህ ላይ እንደገና እርስዎ ተባልኩ።

18ኛው ምላሽ ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ። እስካሁን ሁሉም ሰው መፍትሔው ስም መጻፍ እንደሆነ አድርጎ ተናግሯል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ግን በአንድ ግቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐደርኛ ይነገራል፤ ወጥ ቤት ገብታ የምትሠራው ልጅ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ናት፤ በአማርኛ የተጻፈ ያማረ ጽሑፍ ለእርሷ ከሐረግ ሥዕል አይለይም ሲል ጻፈ። በ3ኛው ምላሽ የተነገረውን የአያትየውን ቤት አስታውሶ፣ ጽሑፍ ለማንበብ ለማይችል ሰው የዕቃው ቅርጽ ራሱ ስም መሆን አለበት አለ። ከ19ኙ ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የጋሼን ሻይ ያፈላችው ልጅ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ ስም ጽፌ ቢሆን ኖሮም ሻዩ ያው ይሆን ነበር።

19ኛው ምላሽ ለሚጽፉ ሰዎች የተሰጠ የእጅ ምክር ነው። ስሙ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን በእጥበት ጊዜ ይለዋወጣልና። ወረቀት ዘይት ሲነካው ስለሚላቀቅ በነጭ ፕላስተር ላይ በማርከር ተጽፎ በላዩ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፍበት። የሚያበቃበት ቀን የታተመበት የማሸጊያው ክፍል በመቀስ ተቆርጦ ከኋላ ይለጠፍ። ፈሳሽ ሳሙናን ለማብዛት ብሎ በውሃ ማቅጠን ደግሞ እንዳይበላሽ የገባበትን ነገር ስለሚያሳሳው ከሰነበተ እንደሚሸት አስጠንቅቋል፤ ይህም በቤቴ ደርሶብኛል፤ ሽታው የረጋ ኩሬ ይመስላል።

ያደረግሁትን ለሚጠይቁ ልጻፍ። 24ቱን አልገዛሁም። ዘጠኝ ዕቃ ገዛሁ፤ ሁለት አንድ ዓይነት የለበትም። ስኳሩ አጭርና ሰፊ በሆነው ብርጭቆ ገባ፤ ሩዙ ረጅሙ ውስጥ፤ ሽሮው 3 ሊትር በሚይዘው፤ በርበሬው ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ሆኖ በታችኛው መደርደሪያ ጥላ ውስጥ። ጨው እናቴ ከሐረር ስትመጣ ባመጣችልኝ ባለ ክዳን የእንጨት ዕቃ ነው ያለው፤ ከተነካ ጎኑ ሸካራ ነው። ፓስታው በማሸጊያው እንዳለ ቀርቷል፤ ቢጫውን ለመድኩት። በረኪናውና የሽንት ቤት ማጽጃው ከነመጡበት ዕቃ ከቁምሳጥኑ ላይ በተለያየ ጥግ ተቆልፈዋል፤ አያምሩም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ወጥ ምድጃ ላይ ተጥዶ ሳለ መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ መኝታ ቤት ገባሁ። ስመለስ ልጅቷ በጨለማ ወጡን እያማሰለች ነበር፤ ጨው ጨምሬአለሁ አለችኝ። በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩት። ልክ ነበር።